ስለ ጎንደር ግንብና ስለ ቃሃ ውሃ

አዘዞን አልፎ ፀዳ የደረሰ መንገደኛ ፊቱን ወደ ሰሜን መልሶ ቢመለከት፥ ጎንደር በተራሮች እቅፍ ውስጥ እንደ ተቀመጠች፥ ቃሃና አንገረብም ከተማዪቱን ግራና ቀኝ ይዘው ወደ ሜዳው እንደሚወርዱ ያስተውላል። ሁለቱም ወንዞች በመገጭ በኩል አድርገው ጣና ይገባሉ። ስለዚህ ከላይ በደጋው ዛፍ ሲቈረጥና አፈር ሲታጠብ ዕዳው የሚደርሰው እታች ለሜዳው ነው። ስለ ጎንደር ታሪክ የጻፉ ሊቃውንት አብዛኛውን ጊዜ ከግንቡ ይጀምራሉ፤ ልማዱም ክፉ አይደለም። እኛ ግን ዛሬ ከውሃው መጀመርን መረጥን፤ ልንናገረው ያሰብነው ነገር መንግሥት ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ስለ ተፈጥሮና ስለ ቅርስ ባለ ሙያዎችን እየጠራ ሲመክር፥ ድንጋዩን ለአንድ ሚኒስትር፥ ዛፉንና ውሃውን ለሌላ ሚኒስትር አካፍሎ ስለ መስጠቱ፥ ከዚህም የተነሣ ስለ መጣው ጉዳት ነውና።

በቀድሞው ዘመን ሁለቱ አልተለያዩም ነበር። ለዚህም ከፀዳ ሳንርቅ ምስክር አለን። ዐፄ ሱስንዮስ ከኢየሱሳውያን ጋር ሆነው በአዘዞ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ገነተ ኢየሱስ ተባለ። ቦታውን በዓይናቸው አይተው የጻፉ የዚያ ዘመን ሰዎች የሚያወሱት ግንቡን ብቻ አይደለም፤ የአትክልቱን ስፍራና በውሃ የተመላውን ኩሬ አብረው ያነሣሉ። ስሙም ራሱ ገነት ይላልና፥ ተክልና ውሃ ባይኖረው ኖሮ ስሙ ከንቱ በሆነ ነበር። ዐፄ ፋሲል በ1624 ዓ.ም ነግሠው የተዋሕዶን ሃይማኖት ከመለሱ በኋላ ቦታው ለደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተሰጥቶ የተክለ ሃይማኖት ደብር ሆነ። የሃይማኖቱ ክርክር የዛሬው ጉዳያችን አይደለም። ዳሩ ግን በሃይማኖት እስከ ደም የተጣሉት ሁለቱ ወገኖች፥ ሕንፃን ከተክል ለይቶ መሥራት እንደማይገባ በዚህ ብቻ ሳይጣሉ መቅረታቸው የሚያስደንቅ ነው።

ጎንደር ከመቈርቈርዋ በፊት ነገሥታቱ በድንኳን ከተማ ይዘዋወሩ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። የታሪክ ተመራማሪዎች ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያት አንዱ እንጨት ነው፤ ብዙ ሺሕ ሕዝብ የሰፈረበት ቦታ በዙሪያው ያለውን ዱር በጥቂት ዓመት አንድዶ ሲጨርስ፥ ከተማው ተነሥቶ ወደ ሌላ ዱር ይሄዳል። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም ገደማ ጎንደርን ሲቈረቍሩ ግን ግንብ አሠሩ። ግንብ እንደ ድንኳን ተነቅሎ በበቅሎ አይጫንም። እንግዲህ ከተማው ዱር መከተሉ ቀረና በአጠገቡ ያለውን መጠበቅ ግድ ሆነበት።

ይልቁንም ግንቡ ራሱ የእንጨት ባለ ዕዳ ነው። ድንጋዩን ከድንጋይ የሚያያይዘው ኖራ ነው፤ ኖራም የሚገኘው የኖራ ድንጋይ በብዙ ማገዶ ሲቃጠል ነው። የዐፄ ፋሲል ግንብ፥ የዐፄ ዮሐንስ መጻሕፍት ቤት፥ የዐፄ ኢያሱ ቤተ መንግሥት፥ የእቴጌ ምንትዋብ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም፥ እያንዳንዳቸው በመጋጠሚያቸው ውስጥ የተቃጠለ ዱር አላቸው ብንል ማጋነን አይሆንም። መጽሐፉም እንደዚሁ ነው፤ የሚደጐስበት ገበታ ከዋንዛ ወይም ከወይራ የተጠረበ እንጨት ነው። ካህኑ የሚደገፍበት መቋሚያም ከዱር የወጣ ነው። በጥንቱ አማርኛ ቅርስ ማለት ለቤት የተረፈ ጥሪት ማለት ነበረ፤ ዛሬ ቃሉ ለሐውልትና ለግንብ ብቻ የተሰጠ እየመሰለ ሄደ እንጂ፥ ጥሪት ከሆነስ ዛፉና ምንጩ አስቀድመው መቈጠር ይገባቸው ነበር።

ታዲያ ያን ያህል ማገዶ የሚፈልግ ከተማ ዛፍ ከየት አተረፈ ቢሉ፥ ከደብር ቅጥር ውስጥ ነው። ጎንደር የ44 ታቦት አገር ትባላለች፤ በየደብሩም ቅጥር ጽድና ወይራ ነበረ። በደብረ ብርሃን ሥላሴ እስከ ዛሬ የሚታየው ይኸው ነው፤ በ12ቱ ሐዋርያት ምሳሌ 12 ትናንሽ ግንቦች የቆሙበት የድንጋይ ቅጥር፥ በውስጡም ረጃጅም ጽዶች፥ በጽዶቹ መካከል ጣሪያው በመላእክት ፊት የተሣለው ቤተ ክርስቲያን። ቅጥሩ ዛፉን ይጠብቃል፤ ዛፉ ነፋሱን ይከለክላል፤ ቤቱ በሁለቱ መካከል ያርፋል። ይህን ያዘዘ ሚኒስትር አልነበረም።

ከዚህ በኋላ የመጣው መከራ በብዙዎች ዘንድ ስለ ታወቀ በአጭሩ እናልፈዋለን። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም ከተማውን አስዘረፉ፥ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ፤ በ1880 ዓ.ም ደርቡሾች ገብተው የቀረውን አነደዱት። ከቀደሙት አድባራት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈ፤ ሕዝቡ ንቦች ጠበቁት ይላል። በ1928 ዓ.ም ጠላት ጎንደርን ያዘ፤ በ1934 ዓ.ም ኅዳር ወር ከተማው ነጻ ሲወጣ በተደረገው ውጊያ የእንግሊዝ አውሮፕላን ቦምብ በግንቦቹ ላይ ጕዳት አደረሰ። ጣልያኖች በያዙበት ዘመን ግንቡን ጠገንን ብለው ሲሚንቶና ብረት ያለበት ኮንክሪት ጨመሩበት። ከቦምቡ ይልቅ ይህ ጥገና ረጅም ዘመን የሚጐዳ ሆኖ ተገኘ፤ ምክንያቱንም ወደ ታች እንናገራለን።

የመንግሥታችን የሚኒስትርነት ሥርዓት የተጀመረው በ1900 ዓ.ም ጥቅምት ወር ነው። ዐፄ ምኒልክ ለፍርድ፥ ለጦር፥ ለገንዘብ፥ ለእርሻ፥ ለሌላውም ሥራ ሚኒስትር ሲሾሙ የጥንቱን ሕንፃ ለብቻው የሚጠብቅ ሚኒስትር አልሾሙም። የእንጨትን ነገር ግን ንጉሡ በራሳቸው ላይ ደርሶ ዐውቀውት ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ተቈርቍራ 15 ዓመት ሳይሞላት ማገዶ አጥታ፥ ቤተ መንግሥቱን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ተጀምሮ ነበር። ከተማዪቱን ያስቀራት ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረውም ቤተ መንግሥት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እንግዲህ ዋና ከተማን ተክሎ ማቆየትና ዛፍን ተክሎ ማቆየት አንድ ምክር እንደ ሆነ በዚያ ጊዜ በግልጥ ታይቶ ነበር ማለት ነው። ምክሩ ግን በሥርዓት አልተጻፈም፤ ንጉሡ ሲያልፉ ዕውቀቱም አብሮ አለፈ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በ1955 ዓ.ም በመንግሥት ጥሪ ከዩኔስኮ የተላከ የባለ ሙያዎች ጓድ ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ ከአባላቱም የዩኔስኮ የመጀመሪያው ዋና ዲሬክተር የነበሩት እንግሊዛዊው ጁልያን ሐክስሊና ፈረንሳዊው ቴዎዶር ሞኖ ይገኙበታል። የመጡበት ጉዳይ የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ነበረ። በሌላ በኩል ሳንድሮ አንጀሊኒና ሉዊ ሙዤን የተባሉ ባለ ሙያዎች፥ ስለ ኢትዮጵያ ጥንታዊ ስፍራዎችና ሐውልቶች ሐሳባቸውን ጽፈው በ1961 ዓ.ም በዩኔስኮ በኩል አቀረቡ። ጽሑፋቸው በርእሱ ላይ እንዳመለከተው፥ ሥራው የታሰበው ለባህል ጕብኝት እድገት ነው። ስድስት ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ አንዱ ድርጅት ለአንዱ መንግሥት ሁለት ጓድ ላከ፤ አንደኛው ስለ ዱርና ስለ አውሬ፥ ሁለተኛው ስለ ድንጋይና ስለ እንግዳ።

ባለ ሙያዎቹን ለመንቀፍ አይደለም። የተጠየቁትን በቅንነት መልሰዋል፤ ሥራቸውም ባይኖር ዛሬ የሚታየው ግማሹ ባልኖረ ነበር። ዳሩ ግን ሚኒስትር ባለ ሙያን ሲጠይቅ የመልሱን ግማሽ በጥያቄው ውስጥ አስቀምጦ ነው የሚጠይቀው። ስለ ግንብ ብቻ የተጠየቀ ሰው የቃሃን ምንጭ ለማየት ተራራ አይወጣም፤ ስለ ዋልያ ብቻ የተጠየቀም ሰው የደብሩን አለቃ አያነጋግርም። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ይህን በቀላሉ ያውቀዋል፤ መምህሩ ሰሙን ብቻ ቢጠይቀው ወርቁ ቤቱ ቀርቶ የሚያድር ብዙ ተማሪ አለ።

ሕጉም በዚያው መንገድ ሄደ። የጥንት ቅርሶች ጥበቃ አዋጅ በ1958 ዓ.ም ወጣ፤ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ። የሚገርመው የዓለም መንግሥታት በ1965 ዓ.ም የተስማሙበት የዓለም ቅርስ ውል ሰው የሠራውንና ተፈጥሮ የሠራችውን በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አንድ አድርጎ መያዙ ነው። ኢትዮጵያ ውሉን በ1969 ዓ.ም ተቀበለች። በ1970 ዓ.ም መጨረሻ ሰሜን ከላሊበላ ጋር ከመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች ተራ ተመዘገበ፤ በ1972 ዓ.ም የፋሲል ግቢ ቁስቋምንና የፋሲልን ጥምቀተ ባሕር፥ ከከተማውም ርቀው የሚገኙትን እንደ ጉዛራ ያሉትን ግንቦች ጨምሮ ተከተለ። አንድ አገር፥ አንድ ጠቅላይ ግዛት የነበረ ምድር፥ አንድ ውል፤ ወደ ቤቱ ሲገባ ግን ለሁለት ጌታ አደረ።

ሰሜንን ጥቂት እንቆይበት፤ የዚህ ክፍያ ዋጋ በሰው ላይ የታየው በዚያ ነውና። ከራስ ዳሸን በታች፥ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው አምባ ላይ ገበሬ ገብስ እየዘራ፥ በግና ከብት እያረባ ኖሯል። ስዊሳዊው ሐንስ ሁርኒ ከ1960ዎቹ ዓመታት ማብቂያ ጀምሮ በዚያ ተቀምጠው የአፈሩን መታጠብ መርምረዋል፤ ሥራቸውም ዳገቱን የገፈፈው የረጅም ዘመን እርሻ መሆኑን አሳይቷል። ፓርኩ ሲታወጅ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበረ፤ ሰዎቹ በውስጡ ነበሩ። በደርግ ዘመን ከገደሉ በታች የነበሩትን መንደሮች በግድ አስለቀቁ። ኋላም የዋልያ ቍጥር ስላነሰ፥ የሰውና የከብት ብዛት ስለ በረታ፥ በመካከሉም መንገድ ስለ ተቈረጠ፥ በ1989 ዓ.ም ሰሜን አደጋ ካለባቸው ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከዚያ መዝገብ ለመውጣት 20 ዓመት ወሰደ። ፓርኩ ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ሰፋ፤ ለመንገዱ ሌላ ማለፊያ ተፈለገለት፤ በ2008 ዓ.ም ከግጭ መንደር ከ400 የሚበልጡ አባወራዎች ወደ ደባርቅ እንዲወርዱ ተደረገ። በ2009 ዓ.ም ሰሜን ከአደጋው መዝገብ ተሰረዘ።

በዚህ ነገር ሁለት እውነት አለ። ሣሩ ማገገሙ እውነት ነው፤ ዋልያና ጭላዳ የኢትዮጵያ ብቻ ፍጥረት እንደ መሆናቸው የሚጠብቃቸው ሌላ አገር የለም። ሁለተኛው እውነት ግን ግጭም ቅርስ እንደ ነበረች ነው። የገብሱ ዘር፥ የቤቱ አሠራር፥ ለእያንዳንዱ ገደልና ምንጭ የተሰጠው ስም፥ ይህ ሁሉ በየትኛው ሚኒስትር መዝገብ ተጻፈ? የዱሩ ሹም ስለ ሣሩ ተጠየቀ፤ የቅርሱ ሹም የፋሲልን ግቢ ይጠብቅ ነበረ። ገበሬው ካሣና የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጠው። ገብስ ሲዘራ የኖረ ሰው ከተማ ዳር ቤት ቢሠራ ምን ያርሳል ብሎ መጠየቅ የሁለቱም ሥራ አልነበረም። በ2011 ዓ.ም በሰሜን ተራሮች ላይ ለብዙ ቀን የቆየ እሳት ሲነሣ፥ ከውጭ አገር እሳት አጥፊ እስኪመጣ ድረስ ቅጠል ይዞ ዳገት የወጣው ግን ያው የአካባቢው ሰው ነው።

ወደ ጎንደር እንመለስ። በግንቦቹ ላይ ጣልያኖች የጨመሩት ሲሚንቶ ጉዳቱ እንዲህ ነው፤ ኖራ ልስልስ ስለ ሆነ እርጥበትን ተቀብሎ ያወጣዋል፥ ከድንጋዩም ጋር ይሰፋል፥ ይጠብባል። ሲሚንቶ ግን ይደርቃል፤ ውሃውን በግንቡ ውስጥ ይዘጋበታል፤ ድንጋዩም ከውስጥ ይበላል። በኋላ ዘመን የመጡ ባለ ሙያዎች ሲሚንቱን እያነሡ ዋናዎቹን ግንቦች በኖራ መልሰው ጠገኑ። በ2017 ዓ.ም ደግሞ በፋሲል ግቢ ሰፊ የጥገና ሥራ ተሠርቷል። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ነገር አለ። ግንብ የሚታመመው በዝናብና በእርጥበት፥ በነፋስና በፀሐይ፥ በሥርና በቅጠል ነው፤ እነዚህም ሁሉ የተፈጥሮ ሹም ጉዳይ ናቸው። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ኖራ ደግሞ እንዳልነው ማገዶ ይሻል። እንግዲህ በሽታውም መድኃኒቱም ከግንቡ ውጭ ሳለ፥ ሐኪሙ ግንቡን ብቻ እንዲያይ ተሾመ።

የመሥሪያ ቤቶቹን ስም መለዋወጥ ለመቍጠር ትዕግሥት ያስፈልጋል። የአካባቢ ጥበቃ በ1987 ዓ.ም ባለ ሥልጣን ሆነ፤ በ2005 ዓ.ም ሚኒስቴር ሆነ፤ በ2011 ዓ.ም ኮሚሽን ሆነ፤ በ2014 ዓ.ም እንደ ገና ባለ ሥልጣን ሆነ። የቅርስ ጥበቃ በ1992 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ተቋቋመ፤ ባህልና ቱሪዝም በአንድ ሚኒስትር ሥር ቆይተው በ2014 ዓ.ም ተለያዩ። የዱር እንስሳት ጥበቃ ከ2000 ዓ.ም ጀምሮ ለብቻው ባለ ሥልጣን አለው። የአንገረብ ግድብ ደግሞ የውሃ ጉዳይ ነውና በሌላ መሥሪያ ቤት በኩል ነው። ይህ ግድብ ለጎንደር ሕዝብ መጠጥ ተብሎ ተሠራ፤ ከዙሪያው ዳገት የሚወርደው ደለል ግን ሆዱን እየሞላው ከተማው በጥም ሲቸገር ኖሯል። ደለሉ የሚመጣው ዛፉ ከተመነጠረበት ዳገት ነው። ማዕርጉ በተለዋወጠ ቍጥር አዲስ ባለ ሙያ ይጠራል፥ አዲስ ጥናት ይጻፋል፥ አሮጌው ጥናት ወደ መደርደሪያ ይወጣል።

ከባለ ሙያዎቹ መካከል ሁለቱን ነገር አንድ አድርጎ ያየ አልነበረም ለማለት ግን አይቻልም። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ1999 ዓ.ም ገደማ በፈጸሙት ጥናት በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምረው 168 ዓይነት እንጨትነት ያለው ተክል አገኙ። በዙሪያው ያለው ምድር ሁሉ ታርሶ ተመንጥሮ ሳለ፥ የአገሩ ዛፍ ዘሩ የቀረው በደብር ቅጥር ውስጥ ነው። ለመድኃኒቱም የታሰበው ነገር በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጥ ነው፤ ገበሬው ከእርሻው የለቀመውን ድንጋይ በደኑ ዙሪያ ቅጥር አድርጎ እንዲክብ ተደረገ። ከብት መግባቱ ቀረ፤ ችግኙ ከመሬት ተነሣ፤ እርሻውም ከድንጋይ ጸዳ። ሚኒስቴር ሳይሆን መነኩሴና ገበሬ ከአንድ ባለ ሙያ ጋር ሆነው በደብረ ብርሃን ሥላሴ የነበረውን የጥንቱን ምክር መልሰው አገኙት፤ ድንጋዩ ዛፉን ጠበቀ።

ይህ ሁሉ ምክር በአንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚታየው በፋሲል ጥምቀተ ባሕር ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ከጥር 11 አስቀድሞ የቃሃ ውሃ በቦይ ተመርቶ ኩሬውን ይሞላዋል፤ ታቦታቱ ወርደው ያድሩበታል፤ ሕዝቡ ይጠመቅበታል። የጥምቀት በዓልም በ2012 ዓ.ም በዩኔስኮ ዘንድ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በቅጥሩ ላይ ያረጁ ዛፎች በቅለው ሥራቸውን በድንጋዩ ላይ እንደ ትልቅ እጅ ዘርግተው ይዘውታል። እንግዳ ሁሉ ቆሞ የሚያየው ይህን ነው። ሥሩ በአንድ በኩል ድንጋዩን ይሰነጥቃል፤ በሌላ በኩል ደግሞ የተሰነጠቀውን አቅፎ እንዳይወድቅ ይዞታል። ሥሩ ሁሉ ቢቈረጥ ቅጥሩ ይናዳል፤ እንደ ፈቀደ ይደግ ቢባልም ቀስ በቀስ ያፈርሰዋል። የትኛው ሥር ተቈርጦ የትኛው እንደሚቀር የሚወስን ሰው ግንበኝነትንም ዛፍንም ማወቅ አለበት፤ ወይም የሁለቱ ባለ ሙያዎች በአንድ ቀን በአንድ ቅጥር ሥር ቆመው መነጋገር አለባቸው።

ውሃው ግን በሥሩና በድንጋዩ መካከል ካለው ክርክር ይቀድማል። ኩሬው ባዶውን ከቀረ ጥምቀተ ባሕር መባሉ ይቀራል፤ ዛፉም ቅጥሩም የተመዘገቡበት ምክንያት ይጐድላል። ቃሃ በጥር ወር ምን ያህል ውሃ እንደሚኖረው የሚወስነው ከከተማው በላይ ያለው ተዳፋት ነው፤ ያ ተዳፋት በዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ አልተጻፈም።